ኩላሊቷ ለደከመ እናት የእግር ደም ሥር ቀዶ ጥገና፦ ሐኪሞቹን ምን እንጠይቅ?

የሜሪላንዷ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለዚህ ቤት። እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ስኳር ከያዛት ብዙ ዓመት ሆኗል፣ ግፊትም አላት። ኩላሊቷ እየደከመ መጥቶ አሁን ጂኤፍአሯ (ኩላሊት ምን ያህል እንደሚያጣራ የሚያሳየው ቁጥር) 24 ላይ ነው። እጥበት አልጀመረችም። የቀኝ እግሯ አውራ ጣት ላይ የወጣ ቁስል አልድን ብሎ ሰነበተና ጫፉ ጠቆረ።

የደም ሥር ቀዶ ሐኪሙ ወደ እግሯ የሚወርደው ደም በቂ አይደለም አለን። አንጂዮግራም (የደም ሥር ምስል) ይሠራል። የጠበበው ቦታ በባሉን (ውስጡ በሚነፋ ትንሽ ፊኛ) ከተከፈተ ጥሩ፣ ካልሆነ ባይፓስ ነው፤ ደሙ የተዘጋውን ዞሮ የሚያልፍበት ሌላ ደም ሥር ይሰፋላታል። የኩላሊት ሐኪሟ ደግሞ ለምስሉ የሚሰጠው መድኃኒት ኩላሊቷን ሊጎዳው እንደሚችል አስጠነቀቀችን። ግን አይሠራ አላለችም።

ወንድሜ ከአዲስ አበባ በደወለ ቁጥር "እንዳታስነኳት፣ ኩላሊቷን ጨርሰው ነው የሚመልሷት" ይላል። ታናሽ እህቴ ደግሞ "እግሯ ሲበሰብስ ቁጭ ብለን እንይ ወይ?" ትላለች። እማዬ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "እግሬን አትቁረጡብኝ።"

የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው እንዲህ ዓይነት ቀዶ ጥገና ሲደረግለት ውጤቱ ከሌላው ሰው በምን ይለያል? ሐኪሞቹንስ ምን ብዬ ልጠይቅ? በዚህ ያለፋችሁ ወይም ሙያው ያላችሁ ንገሩኝ። ማባበያ አልፈልግም፣ እውነቱን ንገሩኝ።


የሐዋሳ ልጅ

እግዚአብሔር ይማርልሽ እህቴ። አባቴም ለእግሩ ቀዶ ጥገና ታስቦለታል። የእሱ ክሪያቲኒን 1.4 ነው። "ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ብዙም አያሳስብም" ተብለናል። አንቺ የጻፍሽው ጂኤፍአርና ክሪያቲኒን አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ?


ቀዶ ሐኪም (ስቶክሆልም)

ሰላም። የደም ሥር ቀዶ ሐኪም ነኝ፣ የምሠራው ስዊድን ነው። የማንንም እናት ወይም አባት ሳላይ ይሠራላቸው ወይም ይቅርባቸው ልል አልችልም። ስለ ጉዳዩ የማውቀውን ግን ልንገራችሁ።

ከሐዋሳው ልጅ ጥያቄ ልነሳ። ክሪያቲኒን ጡንቻ የሚያመነጨው ቆሻሻ ነው፣ ኩላሊት ያጣራዋል። ጡንቻው የደረጀ ወጣት ብዙ ያመነጫል። ጡንቻቸው የሳሳ አሮጊት ትንሽ ነው የሚያመነጩት። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። ጂኤፍአር ግን ዕድሜንና ጾታን ጨምሮ ይሰላል። በ2021 በወጣው ቀመር ክሪያቲኒኑ 1.4 የሆነ የ25 ዓመት ወንድ ጂኤፍአሩ 70 ገደማ ነው። ያው 1.4 በ70 ዓመት ሴት ላይ ሲገኝ 40 ገደማ ይሆናል። ከ3 ወር በላይ እዚያው ላይ ከቆየ ሦስተኛ ደረጃ የኩላሊት ሕመም ነው። "ትንሽ ከፍ ብሏል" የሚለው አነጋገር ብዙ ቤተሰብ አዘናግቷል። የአባትህን ጂኤፍአር አስጽፈህ ያዝ።

የሜሪላንዷ፣ የእናትሽ 24 አራተኛ ደረጃ ላይ ነው። ከ15 በታች ሲወርድ አምስተኛ ይባላል።

ኩላሊት ሲደክም ፎስፌት በደም ውስጥ ይጠራቀማል፣ የካልሲየም ሚዛንም ይዛባል። ካልሲየሙ የደም ወሳጁ ግድግዳ ውስጥ ይገባና ያደነድነዋል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት አስቢው። ስኳር ሲጨመርበት ጉዳቱ ከጉልበት በታች ባሉት ቀጫጭን ደም ሥሮች ላይ ይበረታል። ለእኛ ለቀዶ ሐኪሞች ይህ ትልቅ ፈተና ነው። ባሉኑ በደንብ አይከፍተውም። ለባይፓስ የሚሰፋበት ለስላሳ ቦታም ይጠፋል።

ምርመራውንም ያሳስታል። ክሊኒክ ውስጥ የቁርጭምጭሚት ግፊት ይለካና ለክንድ ግፊት ይካፈላል። ከ0.9 በታች ከሆነ ደም ሥሩ ጠቧል ማለት ነው። የደነደነ ደም ሥር ግን በመለኪያው አይጨመቅም። ስለዚህ ጠቦ እያለ ቁጥሩ ደህና ይመስላል፣ አንዳንዴም ከ1.4 በላይ ይወጣል። "ደም ዝውውርዎ ጥሩ ነው" ተብለው ሲኖሩ ቆይተው በጠቆረ ጣት የሚመጡልኝ አሉ። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው የእግር ጣቱ ግፊት መለካት አለበት። ከ30 በታች ከሆነ ቁስሉ ደም ሥሩ ሳይከፈት የመዳን ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። የእናትሽ የጣት ግፊት ስንት ነው? መጀመሪያ እሱን ጠይቂ።


የሜሪላንዷ

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፋይሏን ከፍቼ አየሁት። የቁርጭምጭሚቱ 1.3 ይላል። የጣቷ ግፊት ግን 26 ነው። መጀመሪያ ያየናቸው ሐኪም 1.3ን አይተው "ደህና ነው፣ ቁስሉን ብቻ እናክም" ብለውን ነበር። አሁን ገባኝ።

እና ዶክተር፣ ውጤቱን ንገሩኝ። ቀዶ ጥገናው ቢሠራ እንዴት ትሆናለች?


ቀዶ ሐኪም (ስቶክሆልም)

እውነቱን ስላልሽ እንዲሁ እነግርሻለሁ።

ኩላሊቱ የደከመ ሰው ከባይፓስም ሆነ ከባሉን በኋላ የመሞት ዕድሉም እግሩን የማጣት ዕድሉም ከሌላው ይበልጣል። ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር አደጋው ይጨምራል። ከሁሉ የከፋው እጥበት ላይ ላሉት ነው። ከቀዶ ጥገና በፊት ልብ ይችለው እንደሆነ የምንገምትበት በ1999 የወጣ መለኪያ አለ። ስድስት ነገር ይቆጥራል። አንዱ ክሪያቲኒን ከ2 በላይ መሆን ነው። ኩላሊት ሲደክም የእግር ብቻ ሳይሆን የልብም ደም ሥር አብሮ ይጎዳል። ለዚህ ነው ልቧ ሳይመረመር ትልቅ ቀዶ ጥገና ውስጥ እንዳትገባ የምለው።

ለቤተሰብ ለማስረዳት በጣም የሚከብደኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ደም ሥሩ ተከፍቶ፣ ባይፓሱ እየሠራ፣ እግር ሊቆረጥ ይችላል። እጥበት ላይ ባሉ ሰዎች በተደጋጋሚ ይታያል። ቁስል በደም ብቻ አይድንም። እነዚህ ሰዎች ደም ማነስ አለባቸው። ሰውነታቸው ፕሮቲን አጥሮታል። ኢንፌክሽን የመቋቋም አቅማቸው ወርዷል። የእግሩ መዳፍ ውስጥ ያሉት ትንንሾቹ ደም ሥሮች ደግሞ በባሉንም በባይፓስም አይደረስባቸውም። ተረከዝ ላይ ያለ ቁስል በተለይ እምቢ ይላል። የእናትሽ ጣት ላይ መሆኑ አንድ ጥሩ ነገር ነው። እና "ቀዶ ጥገናው ተሳካ" ስትባሉ "ምኑ ነው የተሳካው? ደም ሥሩ ነው ወይስ ቁስሉ?" ብላችሁ ጠይቁ። እኛ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ነው የምንቆጥረው። እናንተ ሁለተኛውን ቁጠሩ።

ይህን ሁሉ የምለው አይሠራላት ለማለት አይደለም። አለመሥራትም የራሱ ውጤት አለው። የጣት ግፊቱ 26 የሆነ፣ ጫፉ የጠቆረ እግር ዝም ሲባል ኢንፌክሽን ይገባዋል። ከዚያ በጥድፊያ ከጉልበት በታች ወይም በላይ ይቆረጣል። ያ ራሱ ቀላል አይደለም። በ1990ዎቹ የአሜሪካ ሜዲኬር መረጃ ሲታይ የኩላሊት እጥበት ላይ እያሉ እግራቸው ከተቆረጠባቸው ሰዎች ከሦስቱ ሁለቱ በ2 ዓመት ውስጥ ነው ያረፉት። እናትሽ እጥበት ላይ አይደለችም፣ ስለዚህ ቁጥሩ የእሷ አይደለም። ግን ወንድምሽ "አትንኳት" ሲል ከዚህ ጋር እያነጻጸረ ይሁን።


ጎራው

ዶክተር፣ በአክብሮት ልጠይቅዎት። የአጎቴ ባለቤት ለአንጂዮግራም ገብታ በሳምንቱ እጥበት ጀመረች። ከዚያ ወዲህ ቤተሰባችን ውስጥ ያንን መድኃኒት የሚያምን የለም። የሜሪላንዷ ወንድም የሚፈራው ከመሬት ተነስቶ አይደለም። እግር ለማዳን ኩላሊት መስጠት ትክክል ነው ወይ? እጥበት በሳምንት ሦስቴ ማለት እኮ ሕይወት ማለት አይደለም። እኛ አገር ደግሞ ብዙው ሰው ከኪሱ ነው የሚከፍለው፣ ሦስቴ የሚለው ሁለቴ ይሆናል።


ፋርማሲስቷ (ዱባይ)

ወንድም ጎራው፣ ለዘመድህ አዝናለሁ። ፍርሃቱ ይገባኛል። የዕለት ሥራዬ ስለሆነ ስለ መድኃኒቱ ልናገር።

ኮንትራስት (ለምስሉ የሚሰጠው መድኃኒት) ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል፣ ይህ እውነት ነው። አደጋው ግን ለሁሉም እኩል አይደለም። ይበልጥ የምንጠነቀቀው ጂኤፍአራቸው ከ30 በታች ለሆነ ነው፤ የእናታችሁ 24 እዚያ ውስጥ ነው። ስኳር፣ የልብ ድካምና የሰውነት ድርቀት ሲጨመሩ ይብሳል። አብዛኛውን ጊዜ ክሪያቲኒኑ በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ ከፍ ይልና ይመለሳል። በዚያው የማይመለስላቸውም አሉ፣ በተለይ መጠባበቂያው ያለቀ ኩላሊት ያላቸው።

ለመከላከል ጥቅሙ የታወቀው ከምርመራው በፊትና በኋላ በደም ሥር የሚሰጥ ተራ የጨው ውኃ ነው፤ ስኳር የሌለው፣ የጨው ብቻ የሆነው። ልብ የሚሸከመውን ያህል ነው የሚሰጠው። ድሮ ቤካርቦኔት ይሻላል፣ አሲቲልሲስቲን የሚባል መድኃኒት ይጠብቃል ይባል ነበር። በ2018 በ5,000 ሰዎች ገደማ ላይ የተሠራ ትልቅ ጥናት ሁለቱም ከተራው የጨው ውኃ እንደማይበልጡ አሳይቷል። ስለዚህ በዚያ ገንዘብ አታባክኑ።

ሌላ መንገድም አለ። ለእግር አንጂዮግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ በኮንትራስት ፈንታ መጠቀም ይቻላል። ኩላሊት አይነካም። ምስሉ ከቁርጭምጭሚት በታች ደብዘዝ ስለሚል ብዙ ጊዜ ትንሽ ኮንትራስት ይጨመርበታል። የሜሪላንዷ፣ "በጋዝ ትሠራላችሁ ወይ? ኮንትራስቱንስ ምን ያህል ልታሳንሱት ትችላላችሁ?" ብለሽ ጠይቂ። ሁሉም ሆስፒታል የለውም።

የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ በከረጢት ይዘሽ ሂጂ። የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚን ጂኤፍአር ከ30 በታች ሲሆን መወሰድ የለበትም። ዳፓግሊፍሎዚን የሚባለውን ሌላ የስኳር መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ከቀዶ ጥገና 3 ቀን በፊት ይቋረጣል። ደም ማቅጠኛ መርፌ ኢኖክሳፓሪን ለደከመ ኩላሊት መጠኑ ይቀነሳል። ካልተቀነሰ ይጠራቀምና ያደማል። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ሁለት ተቃራኒ ችግር ነው ያለባቸው። ደማቸው ቶሎ አይቆምም፣ የተሰፋላቸው ደም ሥር ደግሞ ቶሎ ይረጋል።

ከሁሉ በላይ ግን ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን! ለቁስሉ ሕመም ብላችሁ እንዳትሰጧት። አገር ቤት ዲክሎፌናክ ያለ ማዘዣ እንደ ከረሜላ እየተገዛ ስንት ኩላሊት እንደበላ ቤቱ ይቁጠረው። ከኮንትራስት ጋር ሲገናኝ ደግሞ የባሰ ነው። ጎራው፣ የአጎትህ ባለቤት በዚያ ሰሞን የሕመም ማስታገሻ ትወስድ ነበር ወይ?


ጎራው

ለጉልበቷ በየቀኑ ዲክሎፌናክ ትወስድ ነበር። ከምርመራው በፊት ማንም አልጠየቃት።


ሲስተር ከእጥበት ክፍል (አዲስ አበባ)

ይህንኑ በየሳምንቱ ነው የማየው። ሲስተር ነኝ፣ እጥበት ክፍል ነው የምሠራው።

እኔ የምጨምረው ስለ ክንድ ነው። የእማማ ጂኤፍአር 24 ከሆነ አንድ ቀን እጥበት ሊያስፈልጋቸው ይችላል፣ አያድርስ። ያኔ ከሁሉ የሚሻለው መግቢያ ፊስቱላ ነው። ክንድ ላይ ደም ወሳጁና ደም መላሹ በቀዶ ጥገና ይገናኛሉ። ደም መላሹ ይሰፋና ይጠነክራል፣ በመርፌ ይወጋል። ለመድረስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ለዚያ ጤነኛ ደም መላሽ ያስፈልጋል። ሆስፒታል ሲተኙ ግን ግሉኮስ የሚተከለው፣ ደም የሚቀዳው ከዚያው ክንድ ነው። ሲወጡ ደም ሥሩ ሁሉ አልቆ ይወጣሉ።

እኛ ዘንድ አብዛኛው ሰው እጥበት የሚጀምረው በድንገት፣ አንገት ላይ በተተከለ ቱቦ (ካቴተር) ነው። ካቴተር ኢንፌክሽን ያመጣል፣ ትልቁንም ደም ሥር ያጠብበዋል። ከዚያ በኋላ ፊስቱላ ሲሠራ አልሠራ ይላል። ደም ሥሩ ቀድሞ ስላለቀ ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ እማማ በቀኝ እጃቸው የሚበሉ ከሆነ ግራ ክንዳቸውን ጠብቂላቸው። መርፌው የእጅ ጀርባ ላይ ይሁን። "የኩላሊት ሕመምተኛ ናት፣ ግራ ክንዷ አይነካ" ብለሽ አልጋቸው ላይ ለጥፊ። ነርሶቹ አይቆጡሽም። እኔ ብሆን አመሰግንሻለሁ።


ቀዶ ሐኪም (ስቶክሆልም)

ሲስተር ያለችው ከባይፓሱም ጋር ይያያዛል። ለእግር ባይፓስ ምርጡ ቱቦ የራስ ደም መላሽ ነው፣ ከእግር የሚወሰደው ረጅሙ። እሱ ቀጭን ከሆነ ወይም ለልብ ቀዶ ጥገና ተወስዶ ከሆነ ከክንድ እንወስዳለን። የኩላሊት ሕመምተኛ ላይ ግን የክንዱን ስንወስድ የነገውን ፊስቱላ መውሰዳችን ነው። ይህን የኩላሊት ሐኪሙና ቀዶ ሐኪሙ ፊት ለፊት ተነጋግረው መወሰን አለባቸው። በየፊናቸው ሲወስኑ አይቻለሁ፣ ጥሩ አይደለም።


የሜሪላንዷ

ሲስተር፣ ኑሪልን። እስካሁን አንድም ሰው ስለ ክንዷ አልነገረንም፣ ደም የሚቀዷት ከግራዋ ነው።

ዶክተር፣ ባሉን ይሻላል ወይስ ባይፓስ? እህቴ ባሉን ስለሚቀል እሱ ይሁን ትላለች።


ቀዶ ሐኪም (ስቶክሆልም)

እኛም መሐል ክርክር አለ። በ2022 በሰሜን አሜሪካ አብዛኛው የተሠራ ትልቅ ጥናት ወጣ። ጥሩ የእግር ደም መላሽ ያላቸው ሰዎች በባይፓስ የበለጠ እንደሚጠቀሙ አሳየ። ከባይፓሱ ወገን 42.6 በመቶ፣ ከባሉኑ ወገን 57.4 በመቶ ላይ ከባድ የእግር ችግር ወይም ሞት ደረሰ። በዓመቱ በ2023 በአብዛኛው ከብሪታንያ የመጣው ጥናት ከጉልበት በታች ለተዘጉ ሰዎች ተቃራኒውን አሳየ። ከባሉኑ ወገን 53 በመቶ፣ ከባይፓሱ 63 በመቶ እግራቸውን አጡ ወይም ሞቱ። ልዩነቱ በዋናነት የመጣው ባይፓስ ከተሠራላቸው ብዙ ሰው በመሞቱ ነው።

እኔ በግሌ ጂኤፍአሩ 24 የሆነ፣ ስኳር ያለበት፣ ልቡ ያልተጣራ ሰው ከሆነ በባሉን ልጀምር እላለሁ። ማደንዘዣው በአካባቢው ብቻ ነው፣ ቁስሉም የመርፌ ቀዳዳ ነው። ኩላሊት ሲደክም ረጅም የቀዶ ጥገና ቁስል ኢንፌክሽን ይወደዋል። ግን ባሉን የከፈተው ቶሎ ሊጠብ ይችላል፣ መደጋገም ሊመጣ ነው። መደጋገም ደግሞ ተጨማሪ ኮንትራስት ነው። ልቧ ጠንካራ ከሆነ፣ ደም መላሿም ጥሩ ከሆነ፣ አንዴ ባይፓስ ተሠርቶ ቢያልፍ ይሻላል የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። አላጣጥላቸውም።

እማማ "እግሬን አትቁረጡብኝ" ይላሉ ብለሻል። ጣት ማውጣትና እግር መቁረጥ እንደማይመሳሰሉ አስረዷቸው። ጥቁር የሆነው ጣት አይመለስም። ደሙ መጀመሪያ ከመጣ፣ ያን ጣት ብቻ አውጥቶ መዳፉን ማትረፍ ይቻላል። ደሙ ሳይመጣ ጣቱ ቢቆረጥ ግን ቁስሉ አይዘጋም፣ ወደ ላይ ይወጣል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ኢንፌክሽን ገብቶ መግል ከያዘ ብቻ ነው ማፍሰሱ የሚቀድመው።


ጋሽ ባለፊስቱላ (አዲስ አበባ)

ልጄ፣ እግዚአብሔር እናትሽን ይማርልሽ። እኔ እጥበት ላይ ያለሁ ሰው ነኝ። የግራ እግሬም ባይፓስ ተሠርቶለታል። ሐኪሞቹ ያሉትን አልደግምም፣ ራሴ የደረሰብኝን ልንገርሽ።

ለእኔ የከበደኝ ቀዶ ጥገናው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው። የምግብ ፍላጎት የለም፣ ቁስሉ ያዣል፣ እጥበት ደግሞ አይቀር። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ግፊቴ በጣም ወርዶ ፊስቱላዬ ረጋ። ማታ ላይ እጄን ስዳብሰው ንዝረቱ የለም። ለነርሷ ነገርኳት፣ እስከ ጠዋት ማንም አልመጣም። እጥበቱ እንደገና በአንገት ካቴተር ሆነ። ስለዚህ ፊስቱላ ያለው ሰው ሁሉ ንዝረቱን ራሱ በየሰዓቱ ይዳብስ፣ ቤተሰቡም ይዳብስ። ሲጠፋ በሰዓታት ውስጥ ካልተደረሰለት ለማዳን ያስቸግራል። በዚያ ክንድ ላይ ግፊት መለካት ክልክል ነው።

እጥበት ላይ ላሉ ደግሞ፣ ቀዶ ጥገናው ከእጥበት በማግስቱ እንዲሆን ጠይቁ። ፖታሲየሙ ወርዶ፣ ውኃው ተቀንሶ ትገባላችሁ። በዕለቱ ከሆነ የእጥበቱ ደም ማቅጠኛ (ሄፓሪን) አልቆ ላይወጣ ይችላል፣ ሰውም ዝሎ ነው የሚገባው።

እግሬ ተርፏል፣ ተመስገን። ድሮ የምሄደውን ያህል አልሄድም። ግን ቤተ ክርስቲያን በእግሬ እሄዳለሁ፣ ሽንት ቤት ብቻዬን እሄዳለሁ። እናትሽን "ከእግርሽ የምትፈልጊው ምን ለማድረግ ነው?" ብለሽ ጠይቂያት። እኔን ማንም አልጠየቀኝም።


የፍራንክፈርቱ

ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ልበል። አባቴ ሆዱ ውስጥ ያለው ትልቁ ደም ወሳጅ አብጧል፣ 5.7 ሴንቲ ሜትር ነው። ጂኤፍአሩ 38። ሆዱን ሳይከፍቱ ቱቦ በደም ሥሩ ውስጥ እናስገባለታለን ይላሉ። ለኩላሊቱ የትኛው ይሻላል?


ቀዶ ሐኪም (ስቶክሆልም)

ለወንድ 5.5፣ ለሴት 5.0 ሲደርስ ነው ስለ ጥገና በቁም ነገር የምናወራው። ስለዚህ ጊዜው ደርሷል። በውስጥ ለውስጥ የሚገባው ቱቦ በ1990 ቦነስ አይረስ ከተሠራ ወዲህ ደም መፍሰሱንና የልብ ጫናውን ስለሚቀንስ ኩላሊቱ ደካማ ለሆነ ሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይታሰባል። ግን ኮንትራስት አለው። ቱቦው ከኩላሊት ደም ሥሮች አጠገብ ስለሚያርፍም ሊነካቸው ይችላል። ሆድ ተከፍቶ ሲሠራ ደግሞ ዋናው ጥያቄ ደም ሥሩ የሚቆነጠጠው ከኩላሊቶቹ ደም ሥር በላይ ነው ወይስ በታች የሚለው ነው። በላይ ከሆነ ኩላሊቶቹ ለዚያን ያህል ደቂቃ ያለ ደም ይቆያሉ። ይህንን ጠይቅ። ክትትሉንም ጠይቅ። በየዓመቱ በኮንትራስት ሲቲ ከሚሆን ብዙውን በአልትራሳውንድ ማድረግ ይቻላል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ። የአንገት ደም ወሳጅ ጠቦ ምንም ምልክት ካላሳየ ቀዶ ጥገናው የሚጠቅመው ለነገ ነው። በ1995 የወጣው ጥናት የ5 ዓመት የስትሮክ አደጋን ከ11 በመቶ ወደ 5 በመቶ ገደማ አወረደ። ያን ጥቅም ለማግኘት ያን ያህል ዓመት መኖር ያስፈልጋል። እጥበት ላይ ላለ ሰው በቀዶ ጥገናው ወቅት የስትሮክና የሞት አደጋው ይጨምራል፣ ዕድሜውም አጭር ሊሆን ይችላል። ምልክት ለሌለው ሰው እኔ ብዙ ጊዜ በመድኃኒት ይያዝ ነው የምለው።


እመብርሃን ትርዳን

እህቴ፣ እማማን ጸበል ውሰዷቸው። ስንቱ ድኗል። ሐኪም ያልቻለውን እሷ ትችላለች።


ሲስተር ከእጥበት ክፍል (አዲስ አበባ)

እኔም ጸበል እሄዳለሁ፣ እምነቱን አልነካም። ሁለት ነገር ግን እለምናለሁ። ኩላሊታቸው የደከመ ሰው ብዙ ሊትር ውኃ በአንዴ ከጠጣ ውኃው ሳንባ ላይ ይወጣል። ትንፋሽ አጥሯቸው በድንገት የሚመጡልን አሉ። ትንሽ ይቅመሱ። ቁስሉ ደግሞ አይርጠብ፣ ይሸፈን። መድኃኒታቸውንም አያቋርጡ። ካህናቱም ዛሬ ዛሬ ይህንኑ የሚመክሩ ብዙ ናቸው።


የሜሪላንዷ

ቤተሰብ፣ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ሁለቱን ሐኪሞች በአንድ ቀን አገናኘናቸው። ወንድሜን በቪዲዮ አስገባነው። የጣት ግፊቱን፣ የልቧን ምርመራ፣ የክንዷን ጉዳይ ሁሉ ጠየቅን። እማዬን "ከእግርሽ የምትፈልጊው ምን ለማድረግ ነው?" ስላት "ወጥ ቤቴ ውስጥ ቆሜ መሥራት" አለች። ጣቷ እንደሚወጣ ስትሰማ አለቀሰች፣ ከዚያ ተስማማች።

አብዛኛውን በጋዝ፣ መጨረሻውን በትንሽ ኮንትራስት ሠሩት። ከጉልበቷ በታች ካሉት ሦስት ደም ሥሮች አንዱ ተከፈተ። ቀጥሎ ጣቷ ወጣ። የጣት ግፊቷ ከጎኑ ባለው ጣት ሲለካ 48 ሆነ። ክሪያቲኒኗ ከ2.2 ወደ 2.6 ወጥቶ ነበር፣ አሁን 2.3 ነው። ቁስሉ ገና አልዘጋም። ቀዶ ሐኪሙ ተመልሶ ሊጠብ እንደሚችል ሳይደብቅ ነገረን።

ወንድሜ አሁንም ይፈራል። ግን ዲክሎፌናክ ለሚወስደው ለአጎታችን ደውሎ ሲያስቆመው ሰማሁ። ጋሼ፣ ሲስተር፣ ዶክተር፣ ፋርማሲስቷ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አሁን ቤት ከገባች በኋላ ምን ልጠብቅ?


ሲስተር ከእጥበት ክፍል (አዲስ አበባ)

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ክሪያቲኒኑ በሁለት ሳምንት እንደገና ይለካ፣ ፖታሲየሙም አብሮ። ሽንቷ ከቀነሰ፣ ፊቷ ወይም እግሯ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠራት ቀጠሮ አትጠብቂ። በየቀኑ ጠዋት መዝኛት፣ በ2 ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመረች ደውይ። ቁስሉን በየቀኑ እዪው። እግሩ ድንገት ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣ ወይም ሕመሙ ሌሊት ከተመለሰ ተከፍቶ የነበረው ጠቦ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሂዱ። የፕሮቲን መጠኗን ከኩላሊት ሐኪሟ ጋር ተነጋገሪ። ለኩላሊት ቀንሱ ይባላል፣ ለቁስል ጨምሩ ይባላል። በዚህ ሰሞን ቁስሉ ስለሚቀድም መጠኑ ይስተካከል ይሆናል። ለፊስቱላ የደም ሥር አልትራሳውንድ ቀጠሮም አሁኑኑ ያዢላት።


የሐዋሳ ልጅ

የአባቴን ጂኤፍአር አስጽፌ መጣሁ። 47 ነው። የጣት ግፊት የሚለካ ማሽን እዚህ አላገኘሁም፣ አዲስ አበባ ሪፈር ተጽፎልናል። ዶክተር፣ እስከዚያ ምን ላድርግ?


ቀዶ ሐኪም (ስቶክሆልም)

እግሩን በየማታው በደንብ አብርተህ እየው፣ በጣቶቹ መካከልም ጭምር። በባዶ እግሩ አይሂድ፣ እግሩን በፍል ውኃ አይዘፍዝፍ፣ ከሰል አጠገብም አያሙቅ። ሲጋራ ካለ ዛሬ ይቁም። ስታቲን (የኮሌስትሮል መድኃኒት) እና አስፒሪን የታዘዘለት መሆኑን አጣራ። ከዲክሎፌናክ ይራቅ። ሪፈሩ ላይ ክሪያቲኒን ብቻ ሳይሆን ጂኤፍአር 47 ተብሎ ይጻፍበት። ቁስል ከወጣ ወይም ጣት ከጠቆረ ግን የቀጠሮውን ቀን አትጠብቅ፣ በዚያው ቀን ይዘኸው ተነስ።